ክዳን የሌለውን ጠርሙስ ማን ይያዘው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱን ናቸው። ሁሉም ስለ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ምርት ገና ኮንቬየር (ዕቃ ተሸካሚ ቀበቶ) ላይ እያለ በሴንሰርና በፒኤልሲ (ማሽን በሚቆጣጠር ትንሽ ኮምፒውተር) ስለ መፈተሽ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ አካባቢ ውሃ እናሽጋለን፤ ባለ ግማሽ ሊትር፣ በሰዓት 6,000 ጠርሙስ ገደማ። ክዳን ያልገባለትንና ጎደሎውን የሚለቅሙ ሁለት ሠራተኞች አሉን። ጥቂት ሰዓት ካዩ በኋላ ግን ዓይናቸው ይደክማል፣ ያመልጣቸዋል። ሙሉ የፍተሻ ማሽን ለማስመጣት አቅማችን አይፈቅድም። በሴንሰርና በትንሽ ፒኤልሲ ራሳችን ልንሠራው እንችላለን? (የምርት ክፍል ኃላፊ)

መልስ፦ ይቻላል። በሰዓት 6,000 ማለት በየ0.6 ሴኮንዱ አንድ ጠርሙስ ነው፤ ለፒኤልሲ ይህ ሰፊ ጊዜ ነው። የሚያስቸግረው ጠርሙሶቹ ተጠጋግተው መምጣታቸው ነው። ትከሻ ለትከሻ ከመጡ ሴንሰሩ አንዱ የት እንዳለቀ፣ ሌላው የት እንደጀመረ አይለይም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ክፍተት ይፍጠሩ። የጠርሙሱ ወርድ 65 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ተጠጋግተው የሚመጡበት ኮንቬየር በሴኮንድ 108 ሚሊሜትር እየሄደ ነው። ቀጣዩን ኮንቬየር በሴኮንድ 167 ሚሊሜትር ያስኪዱት። ያኔ ከጠርሙስ መሃል እስከ ጠርሙስ መሃል 100 ሚሊሜትር፣ በመካከላቸው ደግሞ 35 ሚሊሜትር ባዶ ቦታ ያገኛሉ። ይህን ባዶ ቦታ ኋላ ለሌላ ሥራም እንፈልገዋለን።

የሚያስፈልግዎ፦ ፈጣን ቆጣሪ ኢንፑት (የምልክት መግቢያ) እና የትራንዚስተር አውትፑት (የትእዛዝ መውጫ) ያለው ትንሽ ፒኤልሲ፣ ባለ 24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ፣ አንድ ኢንኮደር (ሲዞር ፐልስ፣ ማለትም አጭር የኤሌክትሪክ ምልክት የሚሰጥ መቁጠሪያ)፣ አምስት ሴንሰር፣ አንድ የአየር ሲሊንደር ከነቫልቩ፣ ቀይ መብራትና ጡሩምባ።

የመጀመሪያው ሴንሰር ሥራው «ጠርሙስ መጣ» ማለት ብቻ ነው። ተራውን ባለ መስታወት የብርሃን ሴንሰር ከገዙ ብርሃኑ በጠራው ፕላስቲክ ውስጥ አልፎ ይመለስና ጠርሙሱን አያየውም። ሻጩን «ለጠራ ዕቃ የሚሆን፣ ባለ ፖላራይዝድ ፊልተር» ብለው ይጠይቁት። ብዙ ሰው ከዚህ ለመሸሽ ሴንሰሩን በሌብሉ ቁመት ላይ ይገጥመዋል፤ ሌብል ብርሃን ስለማያሳልፍ ሥራው ይቀላል። ችግሩ የሚመጣው ሌብል ያልተለጠፈበት ጠርሙስ ሲያልፍ ነው። ለመሣሪያው ያ ጠርሙስ ጨርሶ አልመጣም፤ ስለዚህ ክዳን ይኑረው አይኑረው የሚጠይቀው የለም።

ሁለተኛው የክዳን ሴንሰር ነው። ክዳኑ ፕላስቲክ ስለሆነ ብረት የሚያይ ኢንዳክቲቭ ሴንሰር አይሆንም። ከበስተጀርባው ያለውን የማያይ፣ በቅርብ ርቀት የሚሠራ የብርሃን ሴንሰር ከክዳኑ ጎን ይግጠሙ። ከመጀመሪያው ሴንሰር ጋር በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሁን። የጠርሙሱ ፊት የመጀመሪያውን ጨረር ከቆረጠ በኋላ 32 ሚሊሜትር ሲጓዝ የክዳኑ መሃል ሴንሰሩ ፊት ይደርሳል፤ የሚነበበው በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። ሦስተኛ ሴንሰር ከትክክለኛው ክዳን አናት 2 ሚሊሜትር ከፍ አድርገው ቢጨምሩ ተጣሞ የገባውን ክዳንም ይይዛሉ፤ እዚያ ከፍታ ላይ የሚታይ ነገር ካለ ክዳኑ አልተቀመጠም።

አራተኛው የውሃ ልክ ነው። ውሃ 1,450 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ኢንፍራሬድ አጥብቆ ይውጣል፤ ስስ ፕላስቲክ ግን ያሳልፈዋል። በዚህ ብርሃን የሚሠራ ላኪና ተቀባይ ጥንድ ለሥራው ተብሎ ይሸጣል። ዝቅተኛው የተፈቀደ የውሃ ልክ ላይ ይግጠሙት፦ ብርሃኑ ከተዘጋ ውሃው ደርሷል፣ ካለፈ ጎድሏል። የሚያነብበትን ቦታ ከአንገቱ ላይ ማድረግ ከቻሉ ያድርጉ። የውስጥ ወርዱ 22 ሚሊሜትር በሆነ አንገት 1 ሚሊሊትር ሲጎድል ውሃው 2.6 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ትከሻው ላይ ወርዱ 50 ከሆነ ግን ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሌላው፣ ጠርሙሱ ወደ ፈጣኑ ኮንቬየር ሲሸጋገር ውሃው ይናወጣልና ሴንሰሩን ከመሸጋገሪያው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያርቁት።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። የውሃ ልክ ሴንሰሩ ላኪ ቢቃጠል ምን ይሆናል? ብርሃን አይደርስም፤ «ብርሃን የለም» ማለት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር «ሙሉ ነው» ማለት ነው። ባዶ ጠርሙስ ሳይቀር ሁሉም «ደህና» ተብሎ ያልፋል። ሙሉ ቀን የሞተ መሣሪያ እያመኑ መዋል ይህ ነው፤ መሣሪያ ጨርሶ ካለመኖሩ ይብሳል። ያ 35 ሚሊሜትር ክፍተት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በሁለት ጠርሙሶች መካከል ሁሉም ሴንሰሮች «ባዶ» ማየት አለባቸው። ክፍተቱ ላይ ብርሃን ያልደረሰው ተቀባይ ወይም ክዳን «ያየ» ሴንሰር ካለ ፒኤልሲው መስመሩን ያቁም። ፕሮግራሙ ውስጥ ሁለት መስመር ነው፤ ብዙ ቦታ ግን ተዘሎ ይገኛል።

ቀጥሎ ማስወገጃው። መጥፎው ጠርሙስ ከታየበት እስከሚገፋበት 600 ሚሊሜትር ቢሆን፣ በመካከሉ ስድስት ጠርሙስ ይኖራል። መጥፎው የቱ እንደሆነ ፒኤልሲው ወረፋ ይዞ ማስታወስ አለበት። ወረፋውን በጊዜ አይቁጠሩት፤ ኮንቬየሩ ቀስ ሲል ወይም ሲቆም ሌላውን ይገፋል። ዙሪያው 200 ሚሊሜትር የሆነ ጎማ (ወርዱ ወደ 64 ሚሊሜትር) በአንድ ዙር 200 ፐልስ በሚሰጥ ኢንኮደር ላይ ቢያስሩና ኮንቬየሩ ላይ ቢያሳርፉ፣ አንድ ፐልስ አንድ ሚሊሜትር ይሆናል። ይህን ገመድ ተራ ኢንፑት ላይ እንዳያስሩት። በሴኮንድ 167 ፐልስ ሲመጣ እያንዳንዱ የሚቆየው 3 ሚሊሴኮንድ ያህል ነው፤ የብዙ ፒኤልሲ ተራ ኢንፑት ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ከ6 ወይም ከ10 ሚሊሴኮንድ ያጠረውን ምልክት የሚያጣራ ፊልተር ስላለው ምንም አይቆጥርም። ፈጣን ቆጣሪ ኢንፑት ያልነው ለዚህ ነው።

ወርዱ 20፣ ምቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ ሲሊንደር በ5 ባር ወደ 157 ኒውተን ይገፋል። ለግማሽ ኪሎ ጠርሙስ እጅግ ብዙ ነውና የአየር መቀነሻ ብሎኑን አጥብቀው ያለስልሱት። የሚገፋው ከጠርሙሱ ቁመት ግማሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሁን፤ ከላይ ከገፋው ይጥለውና ጎረቤቱንም ይዞ ይወድቃል። ቫልቩ ተከፍቶ ሲሊንደሩ እስኪነቃ 60 ሚሊሴኮንድ ቢፈጅ ጠርሙሱ 10 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ ትእዛዙ በ600 ሳይሆን በ590ኛው ፐልስ ላይ ይሰጥ። አምስተኛውን ሴንሰር የሚጣለው ጠርሙስ በሚወርድበት ላይ ይግጠሙ። «ጣል» ተብሎ ምንም ካልወረደ መስመሩ ይቁም። ከፍተሻው እስከ ማስወገጃው ያለውን ደግሞ በግልጽ ፕላስቲክ ይሸፍኑት፤ አንድ ሰው አንዷን ጠርሙስ አንስቶ ሌላ ቦታ ቢያስቀምጣት ወረፋው አብሮ ይሳሳታል።

ሠራተኞችዎን ሙሉ በሙሉ አያንሷቸው፤ አንዷን ለፍተሻው ፍተሻ ይመድቧት። ሦስት ጠርሙስ አንገታቸውን ቀይ ቀለም ቀብታ ትያዝ፦ ክዳን የሌለው፣ ክዳኑ የተጣመመ፣ ውሃው የጎደለ። በየፈረቃው መጀመሪያና መስመሩ ቆሞ በተነሣ ቁጥር ታሳልፋቸው። ሦስቱም ካልተጣሉ ከመጨረሻው የተሳካ ሙከራ ወዲህ የታሸገው ሁሉ እንደገና ይታያል።

ጥያቄ፦ ሴንሰሩ ላይ ያለችው መብራት ብረት ሲቀርበው ትበራለች፤ ፒኤልሲው ላይ ግን ኢንፑቱ አይበራም። ሴንሰሩን ቀይረን ያው ነው። ገመዱም ደህና ነው። (የጥገና ሠራተኛ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ ሴንሰርዎ አልተበላሸም፤ ዓይነቱ ከፒኤልሲው ኮመን (የኢንፑቶቹ የጋራ ገመድ ማሰሪያ) ጋር አልተግባባም። ባለ ሦስት ገመድ ሴንሰር ቡናማው +24፣ ሰማያዊው 0፣ ጥቁሩ ምልክት ነው። ፒኤንፒ ከሆነ ሲያይ ጥቁሩ ላይ +24 ያወጣል፤ ኤንፒኤን ከሆነ ጥቁሩን ወደ 0 ይስበዋል። ለፒኤንፒ የኢንፑቱ ኮመን 0 ላይ፣ ለኤንፒኤን +24 ላይ ይታሰራል። ገበያ ላይ የሚበዛው ኤልጄ12ኤ3 የሚባለው ሴንሰር ስሙ በ«ቢኤክስ» ካለቀ ኤንፒኤን፣ በ«ቢዋይ» ካለቀ ፒኤንፒ ነው፤ መልካቸው ግን አንድ ነው። ጽሑፉ ከጠፋ ሙልቲሜትሩን ጥቁሩና ሰማያዊው ላይ አድርገው ብረት ያቅርቡለት፦ ወደ 24 ከወጣ ፒኤንፒ፣ ወደ 0 ከወረደ ኤንፒኤን። በአንድ ኮመን ሥር ሁለቱን ዓይነት ማቀላቀል አይቻልም። አንዱን በትንሽ ሪሌይ ያሳልፉት ወይም ይቀይሩት።

ይህን ስናነሣ ሌላም እንጨምር። 4 ሚሊሜትር የሚል ሴንሰር 4 የሚያየው ለተራ ብረት ነው። አሉሚኒየም ከሆነ 0.4 ያህሉን፣ ማለትም 1.6 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚያየው። የቫልቩ ጥቅል ላይ ደግሞ 1ኤን4007 ዳዮድ ቀለበቱን ወደ ፖዘቲቭ አዙረው ይሠሩለት፤ ያለዚያ ቫልቩ በጠፋ ቁጥር የሚረጨው ቮልቴጅ ቀስ በቀስ አውትፑቱን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ የክዳን መፈተሻችን በሰኔ ተገጥሞ ክረምቱን ያለ ችግር ከረመ። ከመስከረም መጨረሻ ወዲህ ግን ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ጥሩውን ጠርሙስ ይጥላል፤ 12 ሰዓት ገደማ ላይ ራሱ ይተዋል። ፕሮግራሙን ሁለት ጊዜ አስተካክለነዋል። (የፈረቃ ተቆጣጣሪ)

መልስ፦ ፕሮግራሙን ይተዉት። ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ወይም በር አላችሁ? የብርሃን ሴንሰሮች የፀሐይ ብርሃን የሚችሉት ብዙውን ጊዜ እስከ 10,000 ወይም 20,000 ሉክስ ነው፤ ቀጥተኛ ፀሐይ ደግሞ ወደ 100,000 ይጠጋል። ክረምቱን ደመናው ከልሎላችሁ ነበር። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ዝቅ ያለችው የማታ ፀሐይ በቀጥታ ሌንሱ ውስጥ ገብታ ሴንሰሩን አሳወረችው፤ ክዳኑን ስላላየ «ክዳን የለም» ብሎ ጣለው። ለማረጋገጥ ከ10 ሰዓት በኋላ መስኮቱን በካርቶን ለአምስት ደቂቃ ይጋርዱት። መጣሉን ካቆመ ጥፋተኛው ተገኘ።

መፍትሔው ሴንሰሩን ወደ ተቃራኒው ጎን አዙሮ ጀርባውን ለፀሐይ መስጠት ነው። ላኪና ተቀባይ የተለያዩበት ከሆነ ቦታቸውን ያለዋውጧቸው። ካልተመቸ ከጥቁር ቱቦ 5 ሴንቲሜትር ቆርጠው እንደ ባርኔጣ ያልብሱት። የሴንሰሩን ጉልበት መጨመር ግን አይረዳም፤ ከዚያ በኋላ የኮንቬየሩን ጠርዝ ክዳን ብሎ ማየት ይጀምራል። ጥሩውን በመጣሉ ተማርራችኋል፤ መጥፎውን ቢያሳልፍ ኖሮ ግን እስከ ዛሬ አታውቁም ነበር።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከፍተሻው አልፈው ያልተጣሉት ጠርሙሶች ምን ይሁኑ? ፒኤልሲያችን ማስታወሻው የማይጠፋ ዓይነት ነው ተብለናል።

መልስ፦ ማስታወሻው አይጠፋ ይሆናል፤ ቢሆንም አይመኑት። መብራት ሲቋረጥ ኮንቬየሩ ወዲያው አይቆምም፣ ትንሽ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ ፒኤልሲው ከጠፋ ፐልሱን የሚቆጥር የለም። ሲነሣ ወረፋው ከእውነቱ 30 እና 40 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ቀርቶ ይገኛል፤ ይህ ደግሞ ጎረቤቱን ለመግፋት ይበቃል። ቀላሉ መንገድ እንዲህ ነው፦ ፒኤልሲው ሲነሣ ኮንቬየሩ አይነሣ፣ ቀዩ መብራት ይብራ። ኦፕሬተሩ በፍተሻውና በማስወገጃው መካከል ያሉትን ጠርሙሶች በሙሉ አንስቶ ከፍተሻው በፊት ይመልሳቸውና «ተጠርቷል» የሚለውን ቁልፍ ይጫን። ያኔ ወረፋው ይሰረዛል፣ መስመሩ ይነሣል። ስድስት ጠርሙስ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ጥያቄ፦ ከመተማ መስመር የሚመጣ ሰሊጥ እናበጥራለን። ጆንያ መኪና ላይ ሲጫን የሚቆጥር ላኪና ተቀባይ ሴንሰር አስገጥመን ነበር። ጠዋት አንዳንዴ ያበዛል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያጎድላል። የቱን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱንም አይመኑ፤ ሁለት የተለያየ ችግር ነው። የሚያበዛው የተሰፋው የጆንያ ጆሮ ሲወዛወዝ ጨረሩን ቆርጦ ስለሚለቅና እንደገና ስለሚቆርጥ ነው። 90 ሴንቲሜትር የሆነ ጆንያ በሴኮንድ 30 ሴንቲሜትር በሚሄድ ኮንቬየር ላይ ለማለፍ 3 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ፒኤልሲው ላይ «ጨረሩ ለግማሽ ሴኮንድ ሳይቆረጥ ካልቆየ ጆንያው አላለፈም» የሚል ታይመር ያስገቡ፤ ጨረሩንም ከጆሮው ዝቅ አድርገው በሆዱ ላይ ያሳልፉት። በጆንያዎቹ መካከል ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ይተው።

የሚያጎድለው አቧራው ነው። ሌንሱ ሲሸፈን ተቀባዩ ብርሃን ያጣል፣ «ጆንያ አለ» ብሎ ይደርቃል፤ ከዚያ ስንት ቢያልፍ አንድ ነው። የሰሊጥ አቧራ ቅባት ስላለው በደረቅ ጨርቅ ቢጠርጉት ይለቀለቃል። በሳሙና ውሃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት። ቲነርና ቤንዚን የፕላስቲክ ሌንሱን ያደበዝዙታልና አያስጠጉ። ፕሮግራሙ ላይ ደግሞ ጨረሩ ከ6 ሴኮንድ በላይ ተቆርጦ ከቆየ ጡሩምባ ይንፋ፤ የትኛውም ጆንያ ያን ያህል አይረዝምም።

ጥያቄ፦ ካርቶን የሚያነሣ የቫኪዩም ክንድ አስመጣን። ካርቶኑን ይዞታል፣ ግን የቫኪዩም ሴንሰሩ «አልያዝኩም» ብሎ መስመሩን ያቆማል። መመሪያው በሚለው −75 ኪሎፓስካል ላይ ነው ያስተካከልነው።

መልስ፦ መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት 78 ኪሎፓስካል ያህል ነው፣ ባሕሩ ላይ 101 ነው። ከአየሩ 85 በመቶውን የሚመጥ ፓምፕ እዚያ −86 ይደርሳል፣ እዚህ ግን ቢጨነቅ −67። ስለዚህ −75ን ሲጠብቅ ይኖራል። ቁጥሩን በ0.775 አባዝተው ወደ −58 ያውርዱት። ይህን ሲያደርጉ የመያዝ አቅሙም በዚያው ልክ መቀነሱን አይርሱ፤ ካርቶኑ ከባድ ከሆነ መምጠጫ ጎማ ይጨምሩ። ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ካለዎትም መመሪያውን ይዩ፤ ብዙዎቹ ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ይቀነስ ይላሉ፤ ለጎንደር 11 በመቶ ገደማ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የፖሊቴክኒክ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ ይህን ሁሉ በፒኤልሲ ፋንታ በአርዱይኖ (ፕሮግራም በሚደረግ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) ብሠራው ያስኬዳል?

መልስ፦ ለመማሪያ በሚገባ ያስኬዳል፤ ፋብሪካ መስመር ላይ ግን አትትከለው። ሞተርና ቫልቭ በሚበሩበትና በሚጠፉበት ቦታ ብዙ ሳይቆይ ራሱን ማስነሣት ይጀምራል። የሴንሰሩን 24 ቮልት በቀጥታ ከአርዱይኖ ፒን ጋር ካገናኘኸው ያቃጥለዋል። ፒሲ817 ኦፕቶካፕለር (ምልክቱን በብርሃን አሻግሮ ሁለቱን ወገን የሚለይ ዕቃ) በመካከሉ አስገባ፤ በ24 ቮልቱ በኩል 2.2 ኪሎኦም ሬዚስተር ሲሆን ወደ 10 ሚሊአምፔር ያልፋል። ሬዚስተሩ ሩብ ዋት ከሆነ ይግላል፣ ግማሽ ዋት ግዛ። ኢንኮደሩን ደግሞ ዑደቱ ውስጥ በማንበብ አትቁጠረው፤ ያመልጥሃል። በኢንተራፕት (ፐልስ ሲመጣ ፕሮግራሙን ወዲያው አቋርጦ በሚያስቆጥረው መንገድ) አድርገው፣ ኡኖ ከሆነ ፒን 2 ወይም 3 ላይ እሰረው።